ከመግዛታችሁ በፊት የጠርሙሱን ልጣፍ ላጡት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። የእኔዋ ግን ዋናውን አመሏን፣ ራሷን መላሱን፣ ረሳች። ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ያለው ጠጉር ቅቤ እንደ ጠጣ ጨርቅ ተጣበቀ፤ ስዳብሳት እጄ ይወዛል፣ የጠጉሯም ሥር ፎረፎር ሞልቶታል። ዘጠኝ ዓመት ጎተራዬን ከአይጥ የጠበቀች ናትና ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም።

ደብረ ማርቆስ ገበያ የዶሮ መኖና የከብት መድኃኒት ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ነገሬን ሳልጨርስ ጠርሙስ አወረደ። «ጋሼ፣ የድመት ሻምፑ ነው፤ ቅባቱንም ቁንጫውንም አንድ ላይ ይወስደዋል።» ልጣፉ ላይ ነጭ ድመት አለች፤ ጽሑፍ ግን አንድም የለበትም። 650 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ነገ ብቅ ይበሉ» አለኝ። እዚያው መንቃት ነበረብኝ።

አመሻሹ ላይ አጠብኳት። በረጠበ እጄ ጠርሙሱን ሳነሳ የልጣፉ ጠርዝ ተላቀቀ፤ በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው ከሥሩ የውሻ ሥዕል ወጣ። ከውሻው ጎን በቀይ መስመር የተሰረዘች ትንሽ ድመት፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ፐርሜትሪን የሚል ቃል። ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ ቀዩ መስመር ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ወዲያው በውሃ ባለቀልቃትም ሌሊቱን ጆሮዋ ይርገበገብ፣ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ጎህ ሲቀድ አራቱም እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እንደገና አጠባት፤ ከዚያ ጠቅልሎ አሞቃት፣ ለመንቀጥቀጧም መርፌ ወጋት። ፐርሜትሪን የቁንጫና የመዥገር ማጥፊያ ነው። ውሻ ይችለዋል፤ የድመት ጉበት ግን በደንብ ሊያከሽፈው ስለማይችል ነርቭ ላይ ይወጣል፣ ይገድላልም። ምልክቱ በጥቂት ሰዓት ሊታይ፣ እስከ 3 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። የእኔዋ በሁለተኛው ቀን ሥጋ ሲሸታት ተነሳች።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ አሳየኝ፤ የኋላ መንጋጋዋ ተበልቷል፣ ድዷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አፏን እያመማት መላሱን ስትተው ወዙ ተከማቸ። ለካ የሚያስፈልጋት ሻምፑ ሳይሆን ጥርስ ነቃይ ኖሯል! ከልክ በላይ የወፈረች ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመትም ወገቧ ጋ መድረስ ስለሚያቅታት እንዲሁ ትሆናለች። ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ ደግሞ ጅራቱ ሥር ያሉት የወዝ እጢዎች ራሳቸው ቅባት ያበዛሉ። ጭርቱ፣ ቁንጫውም አለ።

ድመት ጠጉሯ ላይ ያረፈውን ሁሉ ልሳ ትውጠዋለች። ስለዚህ ፐርሜትሪን ብቻ ሳይሆን የሻይ ዛፍ ዘይት (ቲ ትሪ ኦይል የሚሉት)፣ ወይም በአንዳንድ የሰው ፎረፎር ሻምፑ ውስጥ የሚገባው የድንጋይ ከሰል ሬንጅ እንዳይነካት። አንዴ ካደረጋችሁባት እጠቧትና ከነጠርሙሱ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ነበር። «ጋሼ፣ አብዝተውባት ነው» አለኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰም። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ያችው ነጭ ድመት የተለጠፈችባቸው ሦስት ጠርሙሶች ቆመዋል። የእኔን ልጣፉ እንደተላጠ ይዤዋለሁ፤ ከዚያ ሱቅ የገዛ ካለ መጥቶ ያስተያይ።