«አልተፈቀደም» ሲል ይታመናልን? የኤስኤስኤችኤፍኤስ ግምገማ ከስህተት ኮዶቹ አንጻር

ኤስኤስኤችኤፍኤስ በሩቅ ሰርቨር ላይ ያለን ፎልደር በራስ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ አድርጎ የሚያቀርብ ነጻ ፕሮግራም ነው። በሰርቨሩ በኩል ከተለመደው የኤስኤስኤች (በተመሰጠረ መስመር ወደ ሩቅ ኮምፒውተር የመግቢያ) አገልግሎት በቀር ምንም እንዲተከል አይጠይቅም፤ ሥራውን የሚያከናውነውም ከከርነሉ፣ ማለትም ከሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ውጭ፣ እንደ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ሆኖ፣ ተራ ፕሮግራሞች የፋይል ሥርዓት እንዲያቀርቡ በሚያስችለው በፊውዝ በኩል ነው። ፊውዝ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የ2.6.14 እትም ሲሆን፣ የፊውዝም ሆነ የኤስኤስኤችኤፍኤስ ጀማሪ ሚክሎሽ ሴሬዲ ነው። አተካከሉ ቀላል ነው፤ ከዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ይወርዳል። ፍጥነቱም ለሰነድና ለፕሮግራም ጽሑፍ ሥራ ይበቃል፤ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ግን መጓተቱ አይቀርም። እነዚህን ጉዳዮች በዚሁ አልፌ፣ ይህን መሣሪያ ለቁም ነገር ሥራ የሚያውል ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ወደሚገጥመው ጥያቄ እሄዳለሁ፦ አንድ ነገር ሲበላሽ ፕሮግራሙ የሚመልሰው የስህተት ኮድ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄው የመነጨው ከአሠራሩ ነው። በሊኑክስ ላይ ፋይል የሚከፍት ወይም የሚጽፍ ፕሮግራም ሥራው ሲከሽፍበት ከከርነሉ የሚቀበለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኮድ 2 ፋይሉ የለም ማለት ነው፤ ኮድ 13 ፈቃድ የለህም፣ ኮድ 28 ደግሞ ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። በፊውዝ የሚሠራ የፋይል ሥርዓት በውስጡ የገጠመውን ማንኛውንም ችግር፣ የኔትወርክ መቋረጥም ይሁን የተበላሸ መልእክት፣ ከእነዚህ ቁጥሮች ወደ አንዱ ለውጦ ለከርነሉ መስጠት አለበት። ማብራሪያ የሚታከልበት ቦታ የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ከተሳሳተ በላዩ ያለው ፕሮግራም ሁሉ፣ ቅጂ የሚያስቀምጠውም ሆነ ዳታቤዙ፣ በተሳሳተ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል።

በኤስኤስኤችኤፍኤስ ላይ ችግሩ እጥፍ የሚሆነው ስህተቱ ሁለት ጊዜ ስለሚለወጥ ነው። በመጀመሪያ በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የራሱ ከርነል የሰጠውን ቁጥር ፋይሎች በኤስኤስኤች ላይ ወደሚተላለፉበት የኤስኤፍቲፒ ፕሮቶኮል ኮድ ይለውጣል፤ ቀጥሎ ኤስኤስኤችኤፍኤስ ያንን ኮድ መልሶ ወደ ሊኑክስ ቁጥር ይለውጣል። በመካከል ያለው መተላለፊያ እጅግ ጠባብ ነው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤች፣ የሚጠቀምበት የፕሮቶኮሉ 3ኛ እትም ያሉት ኮዶች ከ0 እስከ 8 የተቆጠሩ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ተሳክቷል»፣ ሌላው «የፋይሉ መጨረሻ» የሚሉ ሲሆኑ፣ ግንኙነትን የሚመለከቱት ሁለቱን ደግሞ ሰርቨሩ እንዲልካቸው አይፈቀድም። ለእውነተኛ ስህተት የሚቀሩት አምስት ናቸው ማለት ነው፦ ፋይሉ የለም፣ ፈቃድ የለም፣ መልእክቱ የተበላሸ ነው፣ አገልግሎቱ አይደገፍም፣ እንዲሁም «አልተሳካም» የሚለው ኮድ 4፣ ሌላውን ሁሉ የሚያጠቃልለው። ስለ ሞላ ዲስክ፣ ስላለቀ ኮታ (ለተጠቃሚው የተመደበ የቦታ ገደብ) እና ባዶ ስላልሆነ ፎልደር የሚናገሩ ኮዶች በኋለኞቹ የፕሮቶኮሉ ረቂቆች ተጨምረዋል፤ ኦፕንኤስኤስኤች ግን እነዚያን ረቂቆች አልተከተለም።

አሁን የሁለቱን ወገን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅማል፤ ሁለቱም በይፋ በሚገኘው የምንጭ ኮድ ውስጥ በጥቂት መስመሮች ተጽፈዋል። የኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ኮድ 1ን፣ ማለትም ኢፐርምን («ክንውኑ አልተፈቀደም»)፣ እና ኮድ 13ን፣ ማለትም ኢአክሰስን፣ ሁለቱንም «ፈቃድ የለም» ብሎ ይልካቸዋል። ኤስኤስኤችኤፍኤስ ይህን ሲቀበል ሁልጊዜ ኮድ 13 ብሎ ይመልሳል። በሌላ በኩል ሰርቨሩ በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለውን ማንኛውንም ስህተት፣ ማለትም የሞላ ዲስክን፣ ለንባብ ብቻ የተከፈተ የፋይል ሥርዓትን፣ ያለቀ ኮታን፣ የዲስክ ብልሽትን፣ በአንድነት «አልተሳካም» ብሎ ያልፋል፤ ኤስኤስኤችኤፍኤስም ይህን ጥቅል ኮድ የሚተረጉመው በኮድ 1፣ «ክንውኑ አልተፈቀደም» በሚለው ነው።

ውጤቱን ልብ ይሏል። እውነተኛው ኮድ 1 ከሰርቨሩ ሲነሳ ተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው 13 ሆኖ ነው፤ ተጠቃሚው ዘንድ 1 ሆኖ የሚደርሰው ደግሞ ከፈቃድ ጋር ምንም የማያገናኘው ሌላ ችግር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር የመጣ «ክንውኑ አልተፈቀደም» የሚል መልስ ምናልባት የማይሆነው ነገር ቢኖር የፈቃድ ጉዳይ ነው። መልእክቱን ያየ የሲስተም አስተዳዳሪ ግን በተፈጥሮው የሚሮጠው የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ ወደ መፈተሽ፣ ካልሆነም የጸጥታ ፖሊሲውን ወደ መጠርጠር ነው። በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፦ የፕሮቶኮሉ ጥበት የኤስኤስኤችኤፍኤስ ጥፋት አይደለም፤ «ምክንያቱን አላውቀውም» የሚለውን መልስ «ተከልክሏል» በሚል መተርጎም ግን ምርጫ ነው፤ ምርጫውም ጥሩ አልነበረም። ኮድ 5፣ ማለትም ኢአይኦ («የግብዓት ውጤት ስህተት»)፣ ቢመለስ ኖሮ ቢያንስ ሰውን ወደተሳሳተ በር አይመራም ነበር።

የሚያስገርመው ፕሮግራሙ ራሱ ይህን የሚያደርግበት ቦታ መኖሩ ነው። ወደ ተከፈተ ፋይል ሲጻፍ ሰርቨሩ የሚመልሰው ማንኛውም ስህተት፣ ዓይነቱ ሳይታይ፣ ኮድ 5 ይሆናል። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ዲስክ ሲሞላ በመጻፍ ላይ ያለው ፕሮግራም «የግብዓት ውጤት ስህተት» ሲባል፣ በዚያው ሰዓት አዲስ ፎልደር ለመፍጠር የሞከረው ደግሞ «ክንውኑ አልተፈቀደም» ሊባል ይችላል። ምክንያቱ አንድ፣ ኮዱ ሁለት፣ ትክክለኛው 28 ግን የትም አይታይም። በተጨማሪም ጽሑፍ በነባሪው የሚላከው የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ በመሆኑ፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በሚቀጥለው ጽሑፍ ወይም ፋይሉ ሲዘጋ ነው፤ ሲዘጋ የሚመጣውን ስህተት የማይፈትሽ ፕሮግራም፣ እንዲህ ያለውም ጥቂት አይደለም፣ ፋይሉ ተቆርጦ ሳለ ሥራው እንደተሳካ ይናገራል።

አዘጋጆቹ የጥቅሉን ኮድ ጉድለት እንደሚያውቁት የሚያሳዩ ጥገናዎች አሉ። ፎልደር ሲሰረዝ «አልተሳካም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ፕሮግራሙ ፎልደሩ ባዶ አይደለም ብሎ ገምቶ ኮድ 39ን ይመልሳል። ፎልደር ሲፈጠር ተመሳሳይ መልስ ከመጣ ደግሞ፣ አዲሶቹ እትሞች በዚያ ስም የሆነ ነገር መኖሩን ሰርቨሩን እንደገና ጠይቀው፣ ካለ ኮድ 17ን፣ «አስቀድሞ አለ» የሚለውን፣ ይመልሳሉ። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ የመጀመሪያው ግምት ብቻ ሲሆን ሁለተኛው አጣርቶ ነው የሚናገረው። ለማጣራት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥያቄም የሚከፈለው ስህተት ሲኖር ብቻ ስለሆነ ፍጥነትን አይጎዳም። ይህ ልማድ ወደ ሌሎቹ ክንውኖች ቢሰፋ፣ ለምሳሌ ፋይል መፍጠር ሲከሽፍ በሰርቨሩ ላይ የቀረውን ቦታ ጠይቆ ባዶ ከሆነ 28ን መመለስ ቢጨመር፣ ብዙ ነገር ይቀናል። ኦፕንኤስኤስኤች የቀረ ቦታን የሚናገር ተጨማሪ ጥያቄ ስለሚደግፍ፣ ኤስኤስኤችኤፍኤስም ስለሚጠቀምበት፣ መንገዱ ዝግጁ ነው።

ፋይልን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር የተለየ ትኩረት ይሻል። በአንድ ሰርቨር ላይ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ስም በመለወጥ ማዛወር አይቻልም፤ በተለመደው ሁኔታ ከርነሉ ኮድ 18ን ይመልሳል፣ አዛዋሪው ትእዛዝም ይህን ሲያይ ፋይሉን ገልብጦ የቀድሞውን ይሰርዛል። በኤስኤስኤችኤፍኤስ ግን 18 በመንገድ ላይ ወደ 1 ስለሚለወጥ ትእዛዙ ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። ለዚህ የተዘጋጀ አማራጭ አለ፤ ሲበራ ስም መለወጥ ላይ የመጣውን ኮድ 1 ሁሉ 18 ያደርገዋል። ሥራው ይቀጥላል፤ ዳታው ግን ወደ ተጠቃሚው ወርዶ መልሶ ወደ ሰርቨሩ ይወጣል፤ ቀርፋፋ መስመር ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። እኔ አማራጩን አብርቶ መተው አልመክርም፤ ትልልቅ ፋይሎች ሲሆኑ በቀጥታ በኤስኤስኤች ገብቶ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ማዛወር ይሻላል።

ስለ ግንኙነት መቋረጥ ጥቂት። በነባሪው መስመሩ ዝም ብሎ ሲሞት ስህተት እንኳ አይመጣም፤ ፎልደሩን የነካ ፕሮግራም ሁሉ ይንጠለጠላል። ኤስኤስኤች በየ15 ሴኮንዱ የሰርቨሩን ሕያውነት እንዲጠይቅ ማዘዝና መልሶ የመገናኘት አማራጩን ማብራት ይህን በአብዛኛው ይፈታል። እንደገና ሲገናኝ ግን ቀድሞ ተከፍተው የነበሩ ፋይሎች ኮድ 5 ይመልሳሉ፤ ተዘግተው መከፈት አለባቸው። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የጠፋ ጽሑፍ እንደ ደረሰ አድርጎ ከመቀጠል ይሻላል። ኮድ 107 ከታየ ደግሞ የፋይል ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ራሱ ሞቷል ማለት ነውና ፎልደሩን ነቅሎ እንደገና ከማያያዝ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ችግሩን መርምሮ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ዋናው ቅሬታው የሚሆነው የመዝገቡ ዝምታ ነው። የምርመራ መልእክቶች ሲበሩ የተላከውን ጥያቄ፣ የመልሱን ዓይነት፣ መጠኑንና የወሰደውን ጊዜ ያሳያል፤ ከተለመደው ወጣ ያለውን የሰርቨሩን ኮድ ወደምን እንደቀየረው ግን አያብራራም። ለማነጻጸር ያህል፣ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው አርክሎን የራሱን የውስጥ ስህተቶች በአንድ ሠንጠረዥ ወደ ሥርዓት ኮዶች ይለውጣል፤ በሠንጠረዡ ያልታወቀ ስህተት ሲመጣ ግን የስህተቱን ሙሉ ቃል በመዝገቡ ላይ ጽፎ ነው የሚያልፈው። ከርነሉ ከአንድ ቁጥር በላይ ባይቀበልም መዝገብ ግን የቦታ እጥረት የለበትም፤ ኤስኤስኤችኤፍኤስም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ለዕለት ተዕለት ሥራ፣ በሰርቨር ላይ ያለ ጽሑፍን በራስ ማረሚያ ለማረም፣ ሰነድ ለማንበብ፣ ትንሽ ፋይል ለማሻገር፣ ኤስኤስኤችኤፍኤስን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ከአምስት አራት ይገባዋል። ሰው በሌለበት በሌሊት ለሚሠራ፣ በስህተት ኮዶች ላይ ተመርኩዞ ለሚወስን ፕሮግራም ግን ከሁለት በላይ አልሰጠውም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ፋይሎችን የሚገለብጠውንና የሚያመሳስለውን አርሲንክን በኤስኤስኤች ላይ መጠቀም ይሻላል፤ እዚያ ተቀባዩ ፕሮግራም የሚሠራው በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ ሲሞላ ኮድ 28 ከነቃሉ ወደ ላኪው ይደርሳል። ኤስኤስኤችኤፍኤስን ግድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ኮድ 1 ወይም ኮድ 5 ባየ ጊዜ የፈቃድ ሠንጠረዥ ከመክፈቱ በፊት በተያያዘው ፎልደር ላይ የቀረውን የዲስክ ቦታ ይመልከት፤ ያ ቁጥር በልዩ ጥያቄ በቀጥታ ከሰርቨሩ ስለሚመጣ ትክክል ነው። ቦታ ካለና ችግሩ ካልተፈታ፣ ኮታው አልቆ ወይም ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ሰርቨሩ መግባትና ያንኑ ክንውን እዚያው መሞከር የግድ ይሆናል።