ቪዚቴክት ሲዲ4፦ ለከተማ ዳር ጤና ጣቢያ የሚሆን ኪት

ከሰንዳፋ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል አዲስ አበባ የተላከ የሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች) ናሙና ውጤቱ የሚመለሰው ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ቪዚቴክት ግን መብራት ኖረም አልኖረም በ40 ደቂቃ ይመልሳል። በጣም እንመክረዋለን፤ ሰዓቱን አክብሮ ለሚሠራበት ባለሙያ።

ቁጥር አይሰጥም። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ያሉት ሲዲ4 ሴሎች ከ200 በታች ናቸው ወይስ በላይ የሚለውን ብቻ ይለያል።

የሚለካው የሴሉን ሲዲ4 ፕሮቲን ነው፤ ኤችአይቪም የሚገባው በዚሁ ነው። መጀመሪያ ሲዲ4ን፣ ቀጥሎ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 የተባለውን ሌላ የሴል ገጽ ፕሮቲን ይይዛል። ከገባ በኋላ ኔፍ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሲዲ4ን ከሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ስቦ ያስፈጨዋል፤ ቪፒዩ የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ደግሞ አዲስ የተሠራውን ገና ገጹ ላይ ሳይደርስ ያስወግደዋል። ኔፍ ሴሉ መያዙን የሚያሳዩትን የገጽ ፕሮቲኖች፣ ኤችኤልኤ-ኤን እና ኤችኤልኤ-ቢንም ስለሚቀንስ ገዳይ ቲ ሴሎች የተያዘውን ሴል መለየት ያቅታቸዋል። ታዲያ ሲዲ4 ከሴሉ ገጽ ከጠፋ ምርመራው አይሳሳትም ወይ ይባላል። አይሳሳትም፤ ደም ውስጥ ቫይረሱን የያዙት ሴሎች ጥቂት ናቸው፣ መጠኑን የሚያወርደው የሴሎቹ መሞት ነው። ሞኖሳይት የተባለው ሌላ ነጭ የደም ሴልም ሲዲ4 ስላለው ኪቱ አስቀድሞ ያስቀረዋል።

ጣት ሲወጋ የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረግ። ጣት አይጨመቅ፤ ከቆዳ ሥር የሚወጣው ፈሳሽ ደሙን አቅጥኖ ውጤቱን ያለአግባብ ዝቅ ያደርጋል። 30 ማይክሮ ሊትር ደም በኤ ጉድጓድ ጨምሮ 3 ደቂቃ መጠበቅ፤ እዚያው 1 ጠብታ ባፈር (የኪቱ ፈሳሽ) ጨምሮ 17 ደቂቃ፤ ከዚያ በቢ ጉድጓድ 3 ጠብታ ባፈር ጨምሮ 20 ደቂቃ። ብልሽቱ የሚመጣው ወረፋ ሲበዛ ነው፦ አንድ ሰው አምስት ኪት ባንዴ ይጀምርና 17ቷ ደቂቃ ታልፋለች። በየኪቱ ላይ የተጀመረበት ሰዓት ይጻፍ።

ደካማ ጎኑ ንባቡ ነው። የምርመራው መስመር 200ን ከሚያመለክተው የማነጻጸሪያ መስመር ከፈዘዘ ከ200 በታች ነው፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ግን ዓይን ይለያያል። በቂ ብርሃን ባለበት፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብበው። ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልታየ ኪቱ ይጣላል።

ከ200 በታች የሆነ ታማሚ በዚያው ቀን የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን (የአደገኛ ፈንገስ ምልክት) እና የሽንት ቲቢ ላም (ቲቢን ከሽንት የሚለይ) ምርመራ ሳይሠራለት አይሸኝ። መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ግን ይህ ኪት አይሆንም፤ የዚያ መለኪያ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ነው። ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በበጋ ቀትር የቆርቆሮ መጋዘን ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል ቴርሞሜትር ይሰቀልበት።