ከወልድያ የገዛነው ፀረ አረም እና ሻጩ ያልነገረን ነገር

በሐምሌ አጋማሽ፣ ቆቦ የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ የማሽላ ቡቃያው በአረም ስለተዋጠበት፣ ወልድያ ከሚገኝ አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ አንድ ሊትር ግላይፎሴት ገዛሁለት። ሻጩ መልካም አቀባበል አደረገልኝ፤ ዋጋውም ተገቢ ነበር። መድኃኒቱ ሰብል ይነካ እንደሆነ ስጠይቀው ግን በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ፦ በውጭ አገር ሰፊ የበቆሎ እርሻ ላይ ትራክተር ከላይ እየረጨ ያልፋል፤ አረሙ ይደርቃል፤ በቆሎው እንደለመለመ ይቆማል። ወንድሜም አንዱን ጥማድ እንዲሁ ከላይ ረጨው። በሳምንቱ ማሽላው ገረጣ፤ ነሐሴ ሲገባ ከአረሙ ጋር አብሮ ደርቆ ነበር።

ቪዲዮው ሐሰት አይደለም፤ የጎደለው ስለ ዘሩ መናገር ነው። ግላይፎሴት ዕፀዋት ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) የሚሠሩበትን ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራውን የሚያካሂደውን ፕሮቲን፣ ስለሚያግድ አረምን ከሰብል አይለይም። በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ለገበያ በቀረበው አኩሪ አተር፣ ኋላም በበቆሎ ውስጥ፣ አግሮባክቴሪየም ከተባለ ባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ገብቷል፤ የባክቴሪያው ኢንዛይም ያንኑ ሥራ ቢሠራም ቅርጹ ስለሚለይ መድኃኒቱ አያግደውም። ይህ ባክቴሪያ የተገኘው ከራሱ ከግላይፎሴት ማምረቻ ፋብሪካ ፍሳሽ መሆኑ እስካሁን ያስደንቀኛል። የወንድሜ ማሽላ፣ እንደ አካባቢው ማሽላ ሁሉ፣ ይህ ጂን የለውም።

መድኃኒቱን በራሱ ካየነው ጥሩ ነው። በማሳው ዳር የነበረውን ስርዶ እስከ ሥሩ አድርቆታል፤ ይህም በመጎልጎል ብቻ የማይገኝ ውጤት ነው። ከጎርፍ በተቀዳ ድፍርስ ውኃ የተበጠበጠው ግን አልሠራም፤ ግላይፎሴት በአፈር ቅንጣት ላይ ስለሚጣበቅ ጭቃው ኃይሉን ይወስደዋል። ይኸው ጠባዩ በሌላ በኩል ጠቅሞናል፤ አፈሩ ውስጥ የቀረው ቀጣዩን ዘር ስለማይጎዳ ወንድሜ በዚያው ጥማድ ላይ ጤፍ ዘራበት፣ በቀለም። ለአቀንጭራ ብሎ የሚገዛ ካለ ግን ይቅርበት፤ አቀንጭራ ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት የማሽላውን ሥር መጥባት ጀምሮ ስለሚቆይ፣ በላዩ ላይ ቢረጩት ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

ሻጩ «ዘሩም አንድ ቀን ይመጣል» ብሎኝ ነበር፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመውን ዘር ማለቱ ነው። እኔ አልቸኩልም። በአሜሪካ ግላይፎሴት በየዓመቱ ሲረጭ የኖረበት እርሻ መድኃኒቱን የሚቋቋም አረም አፍርቷል፤ በእኛም ማሳ ዳር የሚበቅለው የዱር ማሽላ ከሚዘራው ጋር ስለሚዳቀል፣ ጂኑ ወደ አረሙ ይሻገራል ብዬ እሰጋለሁ።

መድኃኒቱን ለእርሻ ዝግጅት፣ ከዘር በፊት፣ በንጹሕ ውኃና ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ለሚረጭ ሰው እመክራለሁ። ሱቁን ግን አልመክርም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ብቻ በመሆኑ ገዢው የሚያምነው የሻጩን ቃል ነውና፣ ቢያንስ «በቆመ ሰብል ላይ አይረጭም» የሚል የአማርኛ ወረቀት እስኪለጥፉበት ድረስ ከዚያ አልገዛም።