የአራዳ–አዘዞ የወር ኮንትራት ሚኒባስ፦ አሥራ አንድ ወር ከፍዬ ያየሁት

ከጎንደር አራዳ ተነሥቶ እስከ አዘዞ ሠራተኛ በሚያመላልስ የኮንትራት ሚኒባስ አሥራ አንድ ወር ተጠቅሜያለሁ። አገልግሎቱን ካቆምኩ አራት ወር አልፎኛል፤ ያቆምኩትም ሚኒባሱ አስከፍቶኝ ሳይሆን ሥራ ቀይሬ ነው። ይሁን እንጂ ሥራ እንድቀይር ያደረገኝ ዋናው ነገር በየወሩ መጀመሪያ ለዚሁ ሚኒባስ የምከፍለው ገንዘብና በውስጡ ተቀምጬ የማሳልፈው ሰዓት በመሆኑ፣ የአገልግሎቱን ዋጋና ጥራት ከደመወዜ ነጥዬ ልገመግመው አልቻልኩም። የባለንብረቱን ስም አልጠራም፤ በመስመሩ ላይ በተመሳሳይ ውል የሚሠሩ ሌሎች ሚኒባሶችም ስላሉ፣ እኔ ያየሁት ለእነርሱም ደንበኞች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አዘዞ ከመሀል ጎንደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ርቀቱን ብቻ የሰማ ሰው የሃያ ደቂቃ መንገድ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ እሑድ ማለዳ በእርግጥም በሃያ ደቂቃ ይደረሳል። ችግሩ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው አውቶቡስ፣ ወደ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጣደፈው ተጓዥ፣ አዘዞ ላይ ተገንጥሎ ወደ መተማ የሚያቀናው የጭነት መኪና፣ ተማሪው፣ ባጃጁና አህያውን እየነዳ ገበያ የሚወጣው ገበሬ ሁሉ የሚተላለፉት በዚሁ በአንድ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ከፈጀብን ቀኑ የቀናን ነው እንል ነበር፤ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ግን ሃምሳ ደቂቃም አይበቃም።

የውሉ ነገር ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 1,800 ብር በቴሌብር ይላካል፤ በምላሹ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋትና ማታ አንድ ወንበር ይያዝልሃል። መደበኛው ታክሲ በቀን ሲታሰብ ከዚህ ይረክሳል፤ ሆኖም ጠዋት ተሰልፎ መጠበቁን፣ ማታ ደግሞ በግፊያ መግባቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ልዩነቱን ሳያቅማማ ይከፍላል። እኔም ከፍያለሁ፤ በዚህ በኩል ጸጸት የለኝም።

ስለ ሾፌሩ መልካም ነገር መናገር ግዴታዬ ነው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በራሱ ስንፍና ያረፈደበትን ቀን አላስታውስም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ሲል መኪናው ተነሥቷል፤ አንድ ሰው ከቀረ ስልክ ይደውላል፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሄዳል። አረጋውያንንና ነፍሰ ጡሮችን ጋቢና ያስቀምጣል። በእርጋታ ይነዳል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ መሀል ከተማው ስለሚጨናነቅ በማናውቀው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሮ፣ ከምንወርድበት ትንሽ ራቅ ብሎ ያወረደን ሲሆን፣ ለዚያም ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ለእያንዳንዳችን ደውሎ አስቀድሞ ነግሮናል። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ በከተማችን ትራንስፖርት የተለመደ አይደለም።

መኪናው ራሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወንበሩ ለ12 ሰው ሲሆን የወር ከፋዩ 14 ነበር። ለሁለቱ ትርፍ ሰዎች መፍትሔ የሆነችው ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ የእንጨት በርጩማ ናት፤ መቀመጫዋ ላይ የተቆረጠ ፍራሽ በሲባጎ ታስሮባት፣ አንደኛው እግሯ ከሌሎቹ አጥሮ በተጣጠፈ ካርቶን ተደግፋለች። ማን በርጩማው ላይ እንደሚቀመጥ የተጻፈ ደንብ የለም፤ የዘገየ ሰው ይቀመጥባታል። እኔ ልጄን ቁርስ አብልቼ ስለምወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ድርሻዬ ነበረች፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ካርቶኑ እየወጣ፣ እርሱን በእግሬ ገፋ አድርጌ እየመለስኩ ነበር አዘዞ የምደርሰው። ሙሉ የወንበር ዋጋ ተከፍሎ በርጩማ ላይ መቀመጥ አግባብ አለመሆኑን ለባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ነግሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በትሕትና አዳምጦኛል፤ በርጩማዋም እስከ መጨረሻው ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ከዚህ የባሰው የነዳጅ ነገር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ለአምስት ቀናት ያህል ሚኒባሱ ማደያ ሰልፍ ላይ ስለዋለ በራሳችን ወጪ ተመላልሰናል። ነዳጅ መጥፋቱ የባለንብረቱ ጥፋት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን የአምስቱ ቀን ሂሳብ ለቀጣዩ ወር እንዲያዝልን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ውሉ የወር እንጂ የቀን አይደለም» የሚል ነበር። የጽሑፍ ውል ስላልነበረን መከራከሪያም አልነበረንም። ለዚህ መስመር ደንበኛ ለመሆን ለሚያስብ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር፣ መኪናው ያልሠራባቸው ቀናት ሂሳብ እንዴት እንደሚታይ በአንድ ገጽ ወረቀት እንኳ ቢሆን አስቀድሞ ማስፈረምን ነው።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ሥራዬን ያስለወጠኝ እርሱ ነውና። ከቤት የምወጣው 12 ሰዓት ከ20 ነው። ሚኒባሱ የሚያደርሰን ከ1 ሰዓት ከሩብ በኋላ ሲሆን፣ ሥራ የሚጀመረው ግን 2 ሰዓት በመሆኑ የቀረውን ጊዜ በድርጅቱ በር ላይ ቆመን እናሳልፋለን፤ ዘግይቶ መነሣት እንዳይቻል ደግሞ መኪናው ከእኛ በኋላ ሌላ ምልልስ አለበት። ማታ 11 ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ቤቴ የምገባው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲደመር በቀን 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን 19 ሰዓት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በመንገድ ላይ ስለሚያልቀው ሰዓት ግን የሚከፍልም የሚጠይቅም የለም። የእኔ ሳምንት በተግባር የ67 ሰዓት ሳምንት ነበር።

በዚህ መካከል ፒያሳ ላይ ለነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ አንድ አነስተኛ ቢሮ ሥራ አቀረበልኝ። አዘዞ የማገኘው ያልተጣራ ደመወዝ 16,000 ብር ሲሆን ቢሮው ያቀረበው 12,000 ነበር። እናቴ ቁጥሩን ስትሰማ «ልጄ፣ ሰው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ይወጣል?» አለችኝ። ከላይ ሲያዩት ልክ ነበረች፤ አራት ሺሕ ብር ትቶ መሄድ በዚህ ኑሮ ቀልድ አይደለም። ሆኖም ሙያዬ ሂሳብ በመሆኑ፣ ከመወሰኔ በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ የታየኝ ግብሩ ነው። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ፣ ከ10,000 እስከ 14,000 ያለው ደግሞ 30 በመቶ ይታሰብበታል። ስለዚህ ከ16,000 ብር ላይ 3,550 ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 1,120 ለጡረታ ተቀንሶ እጄ የሚገባው 11,330 ነው። ከ12,000 ብር ላይ ደግሞ 2,250 ለግብርና 840 ለጡረታ ሲነሣ 8,910 ይቀራል። የአራት ሺሑ ልዩነት ኪሴ እስኪደርስ ድረስ 2,420 ብር ሆኗል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሁለት ሥራ ሲያወዳድር ያልተጣራውን ደመወዝ ይዞ የሚከራከር በመሆኑ፣ ይህን ሳያይ የሚወስነው ውሳኔ ገና ከመነሻው የተዛባ ነው።

ከዚያ የሚኒባሱን 1,800 ብር ቀነስኩ። ምሳ ዕቃ ይዤ ብሄድም፣ የቀዘቀዘ ሽሮ በየቀኑ አልወርድልሽ ስላለኝ በሳምንት ሦስት ቀን በመቶ መቶ ብር ውጭ እበላ ነበር፤ ይህም በወር 1,200 ይሆናል። ከአዘዞው ደመወዝ በትክክል የሚተርፈኝ እንግዲህ 8,330 ነው። ፒያሳው ቢሮ ከቤቴ የአሥራ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ በመሆኑና ምሳ ቤቴ ገብቼ ስለምበላ ከ8,910ው ላይ የሚነሣ ነገር አልነበረም። በቀን አራት ጊዜ በመመላለስ የሚያልፈውን አንድ ሰዓት ጨምሬ በወር 26 የሥራ ቀን ሳካፍለው፣ የአዘዞው ሥራ ለእያንዳንዱ ሰዓቴ 29 ብር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የፒያሳው 38 ብር ይከፍለኛል። ወረቀቱን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችውና «መጀመሪያ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት» ብላ መለሰችልኝ።

ሥራውን ተቀበልኩ። ቢሮው ስለሚሰጠኝ የሰዓት ምርጫም እውነቱን መናገር ይገባል፤ እንደሚወራለት ሙሉ ነፃነት አይደለም። ቢሮ መገኘት ያለብኝ ከ3 እስከ 6 ሰዓትና ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሲሆን፣ የቀሩትን ሦስት ሰዓታት ማለዳ፣ ማታ ወይም ቤቴ ሆኜ መሥራት እችላለሁ። ልጄን ራሴ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ ምሽት እርሱ ከተኛ በኋላ ደረሰኝ እመዘግባለሁ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው የግብር ወቅት ነጋዴው ሁሉ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ በመጨረሻው ሳምንት ስለሚመጣ፣ የሰዓት ምርጫ የሚባለው ነገር ይጠፋል። ባለፈው ሐምሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ቤቴ የገባሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ቢሮው ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ ፎቅ ላይ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ በክረምት ግን ውስጡ ያንቀጠቅጣል። ጃንጥላ ይዞ በጭቃ ዳገት መውጣቱም የሚኒባሱን ወንበር፣ አንዳንዴም በርጩማዋን ሳይቀር ያስናፍቃል።

ያጣሁትም ቀላል አይደለም። ጡረታ የሚታሰበው ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ በመሆኑ፣ ለጡረታ የቀረበ ሰው ዝቅ ወዳለ ደመወዝ ቢሄድ ጉዳቱ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ለእኔ ገና ሩቅ ነው፤ ቢሆንም የድርጅቱ 11 በመቶና የእኔ 7 በመቶ ሲደመር በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባልኝ ገንዘብ በ720 ብር ቀንሷል። አዘዞ የነበረኝ የሕክምና ሽፋንና የዓመት መጨረሻ ጉርሻም እዚህ የለም። ጉርሻውን በወር ካካፈልኩት ያገኘሁትን የ580 ብር ብልጫ ይውጠዋል። ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ሲታይ ብዙም አላተረፍኩም፤ ያተረፍኩት በሳምንት 13 ሰዓት ነው። ለአሥራ ሦስት ሰዓት ምን ያህል እንደሚከፍል እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይወስን፤ እኔ ጉርሻውንና የሕክምና ሽፋኑን ከፍዬበታለሁ፣ ልጄ ባይኖር ኖሮ ምናልባት አልከፍልም ነበር።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ፣ አገልግሎቱን በሁለት ዓይነት ሰው ፊት በሁለት መንገድ እመሰክርለታለሁ። አዘዞ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው፣ ድርጅቱ ምሳ የሚያበላውና ከሥራው የመልቀቅ ሐሳብ የሌለው ሠራተኛ ያለ ጥርጥር ይያዘው፤ በመስመሩ ላይ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አክባሪ አላየሁም። ደመወዙ ከመንገዱና ከምሳው በኋላ ከሰፈሩ ሥራ በሁለት ሺሕ ብር እንኳ የማይበልጥ ሰው ግን፣ ለቀጣዩ ወር ከመላኩ በፊት እንደ እኔ አንድ ቅዳሜ ማታ ወረቀት ይዞ ቢቀመጥ ይሻላል። በሰዓት አክባሪነትና በአነዳድ ሙሉ ነጥብ፣ በመቀመጫ ግማሽ፣ በሂሳብ አያያዝ ምንም አልሰጠውም።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ደወለልኝ። «እኅቴ፣ ጋቢና ቦታ ተለቋል፤ አዘዞ የምትመለሺ ከሆነ ብዬ ነው» አለኝ። ዋጋውን ጠየቅኩት። ከመስከረም ጀምሮ 2,100 ሆኗል አለኝ። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁና፣ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት ከዚያው ወረቀት ላይ 1,800ውን ሰርዤ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩበት።