ለሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሲስተር

ልጄ ዛሬ ፋሻዋ ተፈታላት። ክንዷን እያገላበጥኩ አይቼ አይቼ አልጠግብ አልኩ። ስለዚህ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ቡና እያፈላሁ ነበር። የሦስት ዓመቷ ልጄ እየሮጠች መጥታ ጀበናውን ገፋችው። የፈላው ቡና ክንዷ ላይ ተደፋ። ጎረቤት ሁሉ ጩኸቷን ሰምቶ መጣ። አንዷ ኮልጌት፣ አንዷ ሊጥ፣ አንዷ እንቁላል ይዛ። በክፋት አይደለም፤ ሁላችንም ስናይ ያደግነው ይህንኑ ነው።

እኔ ግን ኮልጌቱን ሳይ ክው አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ልጄ ትኩስ ሽሮ እግሩ ላይ ሲፈስ ኮልጌት የቀባሁት እኔው ነኝ። የወሰድኩበት ክሊኒክ ካርድ አውጪ፣ ክፈዪ፣ ተቀመጪ እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ አግዳሚ ላይ አስጠበቀን። የደረቀውን ኮልጌት ከቁስሉ ላይ ሲፍቁለት አብሬው ጮህኩ። «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ተባልኩ። ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ልጄ እስከ ዛሬ ቁምጣ መልበስ አይወድም።

በዚያ ሐሙስ ሲስተር ለካ ጎረቤታችን ያለችውን አራስ ልትጠይቅ መጥታ ኖሯል። ዘላ ገባች። «ምንም እንዳትቀቡ! ውሃ አምጡ!» የቧንቧው ውሃ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበር። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ራሷ ጎትታ አመጣችው። እጅጌዋን ቀስ አድርጋ አወለቀችላት፤ አምባሯንም አወጣች፣ ካበጠ በኋላ አይወጣምና። ከዚያ ሳፋው አጠገብ ተንበርክካ በጆግ ቀስ እያደረገች ታፈስ ጀመር።

አምስት ደቂቃ እንደሆነ «በረዳት፣ ይብቃ» አልኩ። «አይበቃም የኔ እናት፣ ውስጡ ገና እየተቃጠለ ነው። ሌላው ገላዋን በጋቢ ሸፍኚላት» አለችኝ። ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ ነበር። 20 ደቂቃ ሙሉ! በረዶም አላስደረገችንም። እያፈሰሰች ከልጄ ጋር ጣት ትቆጥራለች። ልጄ ስድስት ላይ ስትደርስ ለቅሶዋን ረሳችው። እኔ ነኝ ያን ጊዜ ያለቀስኩት።

ውሃ የቋጠረውን እንዳናፈነዳ ነግራን፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋ ሸፍና፣ አብራን ታክሲ ገብታ ጤና ጣቢያ አደረሰችን። የሰጡንን ቅባት ስሙን እንኳ አላውቀውም። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። እሷ ነበረች።

ይህችው ሲስተር ከዚያ በፊት ስንቴ በሬን አንኳኩታ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ብዬ መልሻታለሁ! ሳስበው ያንገበግበኛል። እባካችሁ በየሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስትመጣ በር ክፈቱላት። ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋት።

እኛ ጠይቀን ስንት ነገር ተማርን። ነስር ሲመጣ ራስን ወደ ኋላ ማቃናት ሳይሆን ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አፍንጫን ለስላሳው ቦታ ላይ መጫን ነው። የሚጥል በሽታ ለተነሳበት ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅመውም። አፉ ውስጥም ማንኪያ አይከተትም። አጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር ማንሳት፣ ወደ ጎኑ ማስተኛት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

የሰፈራችን ሰዎች፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት እኛ ግቢ ኑ። ሕፃን ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ ልታሳየን ቀጥራናለች። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ጀበናው አሁን ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።