ቴሌግራም ለመጀንጀን፦ ሙጭጭ ሳይሉ ለመጻፍ ምን ያህል ይረዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ «ቴሌግራም አለሽ?» ማለት ስልክ ቁጥር ከመጠየቅ ይቀላል። በዩዘርኔም ብቻ መጻጻፍ ስለሚቻል ቁጥር መስጠት ግድ አይደለም። ለዚህ ሥራ ሲመዘን ግን አንድ ትልቅ እንከን አለበት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ያሳያል። መልእክት ሲላክ አንድ ምልክት፣ ሲነበብ ሁለት ይሆናል፤ ከስሟ ሥር ደግሞ መቼ ኦንላይን እንደነበረች ይነበባል። ሰው ሙጭጭ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ባየው ነገር ነው። «አንብባ ዝም አለች» እያለ ሲብሰለሰል ይቆይና «ምነው ጠፋሽ?» ይልካል። ገና በሁለተኛው ቀን ይህ ክስ ነው። (ወንድ ለሴት ሲጽፍ ተወስዶ ነው እንጂ ለሴቷም ያው ነው።)

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ሴቲንግ ነው። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብቶ «ላስት ሲን»ን «ኖባዲ» ላይ ማድረግ። ፕሪሚየም ካልተከፈለ በቀር የራስን የደበቀ ሰው የሌላውንም ትክክለኛ ሰዓት አያይም። የሚቀረው «ሪሰንትሊ» የሚለው ነው፤ እሱም እስከ 3 ቀን ያለውን ይሸፍናል። ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው፦ የሚቆጠር ሰዓት የለም። ሁለቱ ምልክቶች ግን በሴቲንግ አይጠፉም።

የተላከን ጽሑፍ እስከ 48 ሰዓት ማረም ይቻላል፤ የመታረሙ ምልክት ግን ይቀራል። ከሁለቱም ስልክ ማጥፋትም ይቻላል፤ ዋትሳፕ «ተሰርዟል» የሚል ማስታወሻ ሲተው ቴሌግራም ቻቱ ላይ ምንም አይተውም። ይህን ተማምኖ መዘባረቅ ግን አያዋጣም፤ ኖቲፊኬሽኑ ላይ አንብባው ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው «ኦንላይን ስትሆን ላክ» የሚለው ምርጫ ነው። ስልኳን በከፈተች ቅጽበት መልእክቱ ዱብ ይላል፤ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ያስመስላል። በተቃራኒው የላክ ምልክቱን ተጭኖ በመያዝ ያለ ድምፅ መላክ ጨዋነት ነው፣ በተለይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ።

ቮይስ ጥሩ ነው፣ ከ20 ሰከንድ ካላለፈ። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በታክሲ ተጨናንቃ የምትሄድ ልጅ የ3 ደቂቃ ቮይስ አትከፍትም፤ ያልተሰማ መሆኑን የሚያሳየው ነጥብ ደግሞ ላኪውን ያሳብደዋል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ልብ መጫንም ልቡን ያረክሰዋል። ካነበበችው መጽሐፍ ወይም ከበላችው ክትፎ አንዱን አንስቶ መጠየቅ ይሻላል።

ግብዣው ላይ መተግበሪያው አይረዳም። «መቼ ነው የምንገናኘው?» ሥራውን ሁሉ እሷ ላይ ይጥላል። «ቅዳሜ 10 ሰዓት ፒያሳ ቶሞካ ማኪያቶ እንጠጣ? ካልተመቸሽ ችግር የለም» ሲባል ግን ቀኑም ቦታውም ታውቋል። ቶሞካ ደግሞ ቆመው የሚጠጡበት ነው፤ ካልጣማት ስኒዋን ጨርሳ ትሄዳለች። «አልችልም» ብላ ሌላ ቀን ከጠቀሰች ፍላጎት አለ። ካልጠቀሰች ድጋሚ መጋበዝ የእሷ ተራ ነው።

ጨርሶ ካልመለሰች ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ አንድ መልእክት ይበቃል፤ በሌላ ጉዳይ፣ «አላየሽውም እንዴ?» ሳይባል። እሱም ከታለፈ ቻቱን አርካይቭ ማድረግ ነው። ሚዩት እስካልተደረገ ድረስ፣ የመለሰች ዕለት ራሱ ወጥቶ ከላይ ይቀመጣል።