ኮምቦልቻ ያለው የቻይና ምግብ ቤት፦ ስጋውን ጠዋት እዘዙ

ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ስላለው የቻይና ቤት ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ። ኑድሉ ኖርማል ነው ሩዙም ምንም አይልም፣ ለሱ ብላችሁ ከደሴ ሐረጎን አትውረዱ። የሚያስኬደው የዶንግፖ ስጋ የሚሉት ነው። ኦሪጅናሉ የአሳማ ነው ግን ቤቱ ሃላል ስለሆነ በበሬ ፍሪምባ ነው የሚሰሩት፣ ወይኑንም ትተውታል፣ ሶያ ሶስ ስኳር ዝንጅብልና ሽንኩርት ብቻ፣ ጮማው ሳይነሳ በወፍራሙ ተቆርጦ በትንሽ እሳት ሲንተከተክ ይቆይና ማንኪያ ስታስጠጉት ብትን ይላል። ጣፈጥ ስለሚል ሚጥሚጣ ጠይቁ፣ ያመጣሉ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ጺማም ሰውዬ ስሩ "የቻይና ንጉስ" ብለው ጽፈውበታል፣ ኧረ ንጉሱማ እሱን ያሳሰረው ነው! ሱ ሺ ይባላል፣ እ.ኤ.አ በ1037 ሲቹዋን የተወለደ፣ ገና በ20 አመቱ የመንግስቱን ትልቅ ፈተና ያለፈ ባለስልጣንና ገጣሚ። ዋና ሚኒስትር የነበረውን የዋንግ አንሺን ሪፎርም በተለይ ለገበሬው በወለድ የሚሰጠውን ብድር በግጥም ሸንቆጥ ሸንቆጥ ሲያደርግ በ1079 ያዙትና ግጥሞቹን እያነበቡ መረመሩት፣ ከሞት ለጥቂት ተርፎ ሁዋንግዡ ወደሚባል ቦታ ተጋዘ። እዛ የሰጡት ማእረግ የስም ብቻ ነው፣ ብር የለም፣ ስለዚህ ጠፍ ተዳፋት መሬት ማረስ ጀመረ፣ በዛው መሬት ስም ራሱን ዶንግፖ አለ። እዛ የአሳማ ስጋ እርካሽ ነበር፣ ሀብታሙ ይንቀዋል ድሃው አሰራሩን አያውቅም፣ እሱ ግን ውሃውን አሳንሱ እሳቱን ቀንሱ አታቻኩሉት በሰአቱ ራሱ ይበስላል ብሎ ግጥም ጻፈለት።

እዚህ ቤት ችግሩም ይሄው ነው፣ 6 ሰአት ላይ የፓርኩ ሰራተኛ ግር ብሎ ሲገባ እሳቱን ይለቁበታል፣ ያኔ የሚመጣው ስጋ ጎማ ነው፣ ሰውየው በግጥም የለመነውን አይሰሙም። እኔ ጠዋት ደውዬ ሳዝ ነው ደህናው የሚደርሰኝ።

ከጎኑ ያለው የውሃ ፎቶ ደሞ ሃንግዡ የሚባል የቻይና ከተማ ያለው ሀይቅ ነው። ከግዞት ተመልሶ እዛ ሲሾም በ1090 ሀይቁን አስጠርጎ በወጣው ጭቃ 3 ኪሎሜትር የሚጠጋ መንገድ በውሃው መሀል አሰራ፣ አሁንም በስሙ ነው የሚጠሩት። አስተናጋጇ ግን ሐይቅ ከተማ ያለው የኛው ሀይቅ ነው ብላ ድርቅ፣ እኔም ተውኩላት።

ዋጋው ለኮምቦልቻ ወደድ ይላል ግን አንዱ ሳህን ለሁለት ይበቃል። አርብ ከጁምአ በኋላ ነው የሚከፍቱት፣ መኪና ማቆሚያም ስለሌለው ባጃጅ ይሻላችኋል።